ሃያ ሊትር ቀይ ቤንዚን

ሚያዝያ 12 ቀን

የኋላ አጥራችንና ቀንድ አውጣ የቆመበት ዳስ ሐምሌ 1 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይፈርሳሉ። ማስታወቂያው ትናንት በራችን ላይ ተለጥፏል።

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ደረጃውን እንዴት ይዞታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እማዬም ከዓይኗ በስተቀር ደኅና ናት፤ እሱንም ቢሆን «ያየሁት ይበቃኛል» ትላለች። ስልክ እንደማይወዱ ስለማውቅ እንደ ወትሮው ጻፍኩልዎት።

መንገዱ ሊሰፋ ነው። ቤታችን አይነካም፤ ዳሱ ግን ይሄዳል። ቀንድ አውጣን፣ የአባዬን መኪና፣ መቼም አይረሱትም፤ ቤቱን ተሸክሞ የሚሄድ ነው ብለው ስሙን ያወጡለት እርስዎ ነዎት። አባዬ ከከተማ ከተማ እየዞረ ፎቶ ሲያነሳበት እንደነበረው ነው ያለው። አልጋው፣ ምድጃው፣ ፎቶ የሚያጥብባት ጨለማ ክፍል፣ ሁሉም ከነመጋረጃው። አባዬ መኪናውን መንገድ ዳር ቆልፎ፣ ጀሪካን ይዞ ቤንዚን ፍለጋ ከሄደና ሳይመለስ ከቀረ በዚህ ሰኔ ሃያ ሁለት ዓመት ይሞላዋል።

ጎታች አምጥቼ አሳየሁት። ጎረቤት ግንብ ስለሠራ የሱ መኪና መታጠፊያ የለውም። «ወይ በራሱ ሞተር ይወጣል፣ ወይ ተቆራርጦ ይወጣል» አለኝ። እማዬ «ተቆራርጦ» የሚለውን ስትሰማ ተነሥታ ሄዳ መኪናው ውስጥ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ምሳዋንም የምትበላው እዚያው ነው።

ከመንገዱ ማዶ ያለው የእንጨት መጋዘን ባለቤት ግቢው ውስጥ ላቁመው ፈቅዶልኛል። ሦስት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። ሰፈራችን ውስጥ ሞተርን ጆሮውን ለጥፎ የሚመረምር መካኒክ አለ፤ ጆሮው ነው የምንለው። ሞተሩ አልተጣበቀም፣ በእጅ ሲያዞሩት ይዞራል ብሏል። የቀረን ቤንዚን መምረጥ ነው። ማደያው ሁለት ዓይነት አለው፤ ተራውና ቁጥሩ ከፍ ያለው ውዱ። ቀጂው «ለሽማግሌ መኪና ጠንካራውን ነው» ይላል። ጆሮው ደግሞ «ለሽማግሌ ሾርባ እንጂ አጥንት አይሰጥም» ይላል። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ነዳጅ ዴፖ ውስጥ ናሙና ሲቀዱ የኖሩ ሰው ነዎት። እኔ የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፤ ያለፈውን እንጂ የሚገባውን አላውቅም። የትኛው ነው ትክክለኛው?

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 22 ቀን

ለልጄ። ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ደጃችሁን ይርገጥ። ደኅና ነኝ። ከልብስ ማጠቢያው ቤት በላይ ያለችው ክፍሌ ሞቃት ናት። ጉልበቴ ግን አራተኛ ፎቅ ባደረሰኝ ቁጥር ውለታ ይቆጥርብኛል። እትዬን እጅ ንሺልኝ።

ጆሮው ልክ ነው፤ ቀጂው ተሳስቷል። በማደያው ላይ የምታዪው ቁጥር የጉልበት መለኪያ አይደለም። ቤንዚኑ ሞተር ውስጥ ሲታመቅ፣ ካንዴላው ሳይለኩሰው በፊት በገዛ እጁ ሳይፈነዳ ምን ያህል እንደሚታገሥ ነው የሚናገረው። የቀንድ አውጣ ሞተር ብዙ አያምቅም። ተራው ይበቃዋል፤ ውዱ ገንዘብ ማባከን ነው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የዛሬው ቤንዚን አልኮል ተቀላቅሎበታል። አልኮል የዚያን ዘመን የጎማ ቱቦ ይበላል፣ ከአየርም ውኃ ይስባል። ስለዚህ ጆሮው ቱቦዎቹን በአዲስ ይለውጥ። ያ ሞተር ደግሞ የተሠራው እርሳስ ላለበት ቤንዚን ነው። እርሳሱ ለቫልቮቹ መቀመጫ እንደ ትራስ ነበር። እኛ ዴፖ ውስጥ እንዳይምታታብን ቀይ ቀለም እናደርግበት ነበር፤ ከገበያ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። መለዋወጫ ሱቅ ሄደሽ ለአሮጌ ሞተር የሚጨመረውን ማሟያ ጠይቂ፤ በጠርሙስ ይሸጣል።

ከሁሉ በፊት ግን በነዳጅ ቋቱ ውስጥ የተረፈ ካለ ይፍሰስ። ይህን ያህል የቆየ ቤንዚን ቡናማ ይሆናል፤ ሽታውም የከረመ የግድግዳ ቀለም ነው። አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉበት። ያረጀ ከሆነ ሲደርቅ ቡናማ ቀለበት ይተዋል። አዲስ ከሆነ ምንም አይተውም። ወረቀቱን ላኪልኝ፤ የድሮ ሥራዬ ናፍቆኛል።

አጎትሽ


ግንቦት 2 ቀን

ለተከበሩት አጎቴ። ሰላምዎ ይብዛ። እማዬ «ጉልበቱን በሞቀ ውኃ ይሸው» ብላለች።

ጆሮው ከሥር ተንጋሎ የማፍሰሻውን ብሎን ፈታው። የወረደው ቡናማ አልነበረም። ቀይ ነው፤ በነጩ ባልዲ ውስጥ እስከ ወለሉ ድረስ ይታያል። ጆሮው አሸተተው፣ በጣቶቹ መካከል አሻሸው፣ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «ማነሽ፣ ይሄ እኮ ትናንት የተቀዳ ነው» አለኝ። ለካሁት። ሃያ ሊትር ነው፤ አንድ ብርጭቆ አይጎድልም፣ አንድ ብርጭቆ አይተርፍም።

አባዬ የሄደው ቤንዚን አልቆበት አልነበረም? መኪናው ተጎትቶ የመጣ ቀን ቋቱ ባዶ እንደነበር የጻፍኩበት ደብተር አለኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ያኔም ቁጥር እጽፍ ነበር።

ጠብታውን ወረቀት ላይ ጥዬ አደረቅሁት። ከዚህ ጋር አለ። ቀዩን ጀሪካን ውስጥ ከድኜ ከደረጃው ሥር አስቀምጬዋለሁ።

ለእማዬ ስነግራት ልብስ እያጠፈች ነበር። «ስንት ሊትር?» አለች። «ሃያ» አልኳት። «አንድ ጀሪካን» አለችና ማጠፏን ቀጠለች።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ደብዳቤዎ ውስጥ የሰረዙት መስመር አለ። መስኮት ላይ ለጥፌ አነበብኩት። ይቅር ይበሉኝ፣ የደበዘዘ ቁጥር የማንበብ የሥራ ልማድ ነው። «ለአጭር መንገድ ግን ማንኛውም ቤንዚን ምንም አያደርገውም» ይላል። እውነት ከሆነ ለምን ሰረዙት?

የወንድምዎ ልጅ


ግንቦት 12 ቀን

ለልጄ። ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁ።

ፖስታሽን ስከፍት ክፍሉ በቤንዚን ሸተተ። ታች ያለችው አጣቢ ደረጃውን ወጥታ በሬን አንኳኳች። «ሰውዬ፣ እሳት ልታስነሣብን ነው?» አለችኝ። ወረቀቱን አሳየኋት። ወረቀቱ ንጹሕ ነው። አሥር ቀን በፖስታ የተጓዘ ጠብታ መሽተት የለበትም። ሠላሳ ዓመት ናሙና ቀድቻለሁ፤ እንዲህ ዓይነት አላየሁም።

ሰው እየቀለደባችሁ ይሆናል። ጆሮው ራሱ እንዳይሆን። ግን ቀይ ቤንዚን ከየት ያመጣል?

የዳሱን ቁልፍ ለውጪ። የመኪናውንም በር ቆልፊ። ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የኪሎ ሜትር ቆጣሪ አንብቢልኝ፤ ተጎትቶ የመጣ ቀን ያለውን ቁጥር እንደጻፍሽ እርግጠኛ ነኝ። ሌላ የምጠይቅሽ የለኝም።

አጎትሽ


ግንቦት 22 ቀን

ለተከበሩት አጎቴ። እንደምን ከረሙ? እዚህ ሁሉም በቦታው ነው፤ ከአንድ ነገር በስተቀር።

ደብተሬ 61,408 ይላል። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቀን ገብቼ አነበብኩ። እኛ ቆጣሪ አንባቢዎች ከቀኝ ወደ ግራ ነው የምናነበው፤ የሚሳሳተው ሁልጊዜ የመጨረሻው ቁጥር ነው። 61,436 ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሃያ ስምንት ኪሎ ሜትር ጨምሯል።

መኪናው በድንጋይ ላይ ነው ያለው። ጎማዎቹ መሬት አይነኩም። በፊት ጎማውና ከበላዩ ባለው ፈረፋንጎ መካከል የሸረሪት ድር አለ፤ አልተበጠሰም። ባዶ አድርገን የዘጋነው ቋት ውስጥ ደግሞ ሃያ ሊትር ቀይ ቤንዚን ነበረበት።

እንደገና አፈሰስነው። ቁልፉን ለወጥኩ፤ ሁለቱንም ፍሬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ቆጣሪው ላይ ወረቀት ለጥፌ ፈረምኩበት። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱ እንደተለጠፈ ነው። ሥሩ ያለው ቁጥር 61,450 ነው። ቋቱ ውስጥ ሃያ ሊትር አለ። አሥራ አራት ኪሎ ሜትር፣ አንድ ጀሪካን። ያለፈውም እንደዚያው ነበር፤ ሁለት ጊዜ አሥራ አራት፣ ሁለት ጀሪካን።

በሥራዬ ቆጣሪ አይዋሽም፤ ሰው ነው የሚዋሸው እንላለን። የቤቱ ባለቤት «ውጭ አገር ነበርኩ፣ ቤቱ ዝግ ነው» ብሎ ይምላል፤ ቆጣሪው ግን ሰው እንደነበረበት ይናገራል።

ጆሮው የመፍቻ ሣጥኑን ዘጋና «እኔ የሞተር ሐኪም ነኝ። ይሄ የሞተር በሽታ አይደለም» ብሎ ሄደ። አዲስ ጎማና ባትሪ ሊገጥምልኝ ግን ቃል ገብቷል፤ በቀን ብርሃን፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ።

እማዬ ባልዲውን ይዤ ስወጣ አየችኝ። ተቆጣች። «ሰውየውን ለምን ታደክሚዋለሽ?» አለችኝ። «ያን ሁሉ መንገድ ተሸክሞ ያመጣውን ታፈስሺበታለሽ?»

አጎቴ፣ አሥራ አራት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ?

የወንድምዎ ልጅ


ሰኔ 2 ቀን

ለልጄ።

ሞተሩን አታስነሡት። ቋቱንም አትንኩት።

እትዬ ስለ እኔ የምትለው ነገር አለ?

አጎትሽ


ሰኔ 10 ቀን

ለተከበሩት አጎቴ። ሰላምታ ሳይጽፉልኝ ይህ የመጀመሪያዎ ነው። እኔ ግን አልተውም፤ ጤናዎን ይስጥልኝ።

«አታስነሡት» ብለውኛል። ካላስነሣሁት ሐምሌ 1 ቀን በመጋዝ ይቆርጡታል፤ እማዬም ከውስጡ አልወጣም ብላለች። ካስነሣሁት ደግሞ የምፈራውን ልንገርዎት፤ ለሌላ ሰው የምነግረው አይደለም። ቋቱ ሰማንያ ሊትር ነው የሚይዘው። እማዬ ጠዋት ጠዋት «ስንት ደረሰ?» ትለኛለች። ማፍሰሱን ስለተውኩ አሁን አርባ ነው። ቆጣሪው 61,464። ትራሷን ወስዳለች። የአባዬን ካፖርት ነፋስ አስመትታ በሩ አጠገብ ሰቅላዋለች። ምድጃውን ወልውላለች፤ መጋረጃዎቹን አጥባለች።

«እማዬ፣ እስከ መጋዘኑ ሦስት መቶ ሜትር ነው፤ ለዚህ ትራስ ምን ያደርጋል?» አልኳት።

«መጋዘን የምትሄጂው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ሳቀችም። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ።

በቀዩ ካስነሣሁት መጋዘኑ በር ላይ መሪውን ሳዞር የሚታጠፍልኝ አይመስለኝም። እናቴን ይዞ የሚሄድ ይመስለኛል። የተማርኩ ሰው ነኝ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ግን ይመስለኛል። ስለዚህ አምስት ሊትር ተራ ቤንዚን ከማደያ ገዛሁ፤ ማሟያውንም ጨመርኩበት። ከቀዩ ጀሪካኖች ጎን ተቀምጧል። ቀዩን አፍስሼ እሱን ብሞላ እማዬ ትተርፍልኛለች፤ ግን ደግማ አታናግረኝም።

ስለ እርስዎ የምትለውን ጠይቀውኛል። «አሥራ አራት ምንድን ነው?» ብዬ እሷንም ጠይቄያት ነበር። «ወንድሙን ጠይቂው» አለች። «መንገዱን የነገረው እሱ ነው።»

ጠየቅኩዎት።

የወንድምዎ ልጅ


ሰኔ 20 ቀን

ለልጄ። ይህ ደብዳቤ የሚደርስሽ እኔ ከመጣሁ በኋላ ሳይሆን አይቀርም። ቢሆንም ልጻፈው፤ ፊት ለፊት ልናገረው የምችል ሰው አይደለሁም።

አሥራ አራት ማለት ሰባት ሄዶ ሰባት መመለስ ነው።

ያን ቀን፣ የምሳ እረፍት ላይ ሳለን፣ ወንድምጋሼ ከመንገድ ዳር የሳንቲም ስልክ ደወለልኝ። ቤንዚን ጨርሷል። አጠገቡ ያለው ማደያ ያለው አዲሱ ብቻ ነው፤ እርሳስ የሌለው። «ልሙላው ወይስ ሞተሩን ይጎዳዋል?» አለኝ። እኛ ካርታ እየተጫወትን ነበር፤ እየመራሁ ነበር። «አዲሱን እንዳትነካ» አልኩት። «ሰባት ኪሎ ሜትር ወደፊት ያለው ማደያ ቀዩን አሁንም ይሸጣል።» «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። «እኔ ካልነገርኩህ ማን ሊነግርህ ነው?» አልኩት። ሳንቲሙ አለቀና ስልኩ ተቋረጠ።

የካርታውን ነጥብ የምንመዘግብበት ወረቀት ነበር። ማታ ልጥለው ስል ገለበጥኩት። ጀርባው በዚያ ወር የተዘጉ ማደያዎች ዝርዝር ነው። ያ ማደያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ዝርዝሩን ያመጣሁት እኔው ነኝ፤ ተቀብዬ የፈረምኩበትም እኔ። በላዩ ላይ ነጥቤን ስጽፍበት ነው የዋልኩት።

ፍለጋው የተደረገው ወደ ኋላ ነው፤ ማደያ ያለው በዚያ በኩል ነዋ። ወደፊት እንደሄደ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። መጀመሪያ ቀን ይመለሳል ብዬ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን አፍሬ ዝም አልኩ። ከሳምንት በኋላማ የዝምታዬን ምክንያት ለመናገር ራሱ ሌላ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። በዓመቱ አገር ጥዬ ወጣሁ። ስልክ የማልወደው ለዚህ ነው።

የሰረዝኩት መስመር እውነት ነው። አዲሱን ቤንዚን ሞልቶ ቢነዳ ኖሮ እስከ ቤቱ ድረስ ሞተሩ አያስልም ነበር። ለአንድ ቀን መንገድ ማንኛውም ቤንዚን ምንም አያደርገውም። ይህን ያኔም አውቅ ነበር። የዐዋቂ መልስ መስጠት ስለወደድኩ ነው።

አሁን አንቺም የትኛው ነው ትክክለኛው ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሳላይ መልስ አልሰጥም፤ አንዴ ሰጥቻለሁ። ሰኔ 28 እደርሳለሁ። በዚያ መንገድ ነው የምመጣው፤ ማደያውን በዓይኔ ማየት አለብኝ።

እስክመጣ ምንም አትሙዪ፣ ምንም አታፍስሺ።

አጎትሽ


ሰኔ 30 ቀን

ለተከበሩት አጎቴ። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልወስደውም። መሪው ላይ ነው የማስቀምጠው።

ከትናንት ወዲያ አንድ ሹፌር ሻንጣዎን ይዞ መጣ። በዚያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ሹፌሩ ቅን ሰው ነው፤ ሻንጣውን ሳላስፈርምሽ አልሄድም አለ። የነገረኝን በቃሉ ልጻፍልዎት። «ሽማግሌው ከተማ ውስጥ ባዶ ጀሪካን ገዙ። ከተዘጋው ማደያ ስንደርስ አቁምልኝ አሉ። እዚህ እኮ ቤንዚን የለም አባቴ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ ነው የተዘጋው አልኳቸው። አውቃለሁ አሉኝ። አንተ ሂድ፣ እኔ ከወንድሜ ጋር ነኝ አሉ። ማንም አልነበረም። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅኳቸው፤ ከሕንጻው ጀርባ ዞሬ አየሁ። የሉም።»

ለፖሊስ አመለከትኩ። በዚህኛው ፍለጋ ወደ የት አቅጣጫ እንደሚፈለግ ተናግሬያለሁ። ትናንት እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። ጣሪያው ወድቋል፤ ወለሉን ሣር ሰንጥቆታል። አንድ መቅጃ ብቻ ቆሟል፤ ቱቦው የለም፣ ሆዱ ተከፍቶ ባዶ ነው። የቆጣሪው መስታወት ግን አልተሰበረም። ፖሊሶቹ ጓሮውን ሲፈልጉ እኔ መስታወቱን በመሐረቤ ወለወልኩና ከቀኝ ወደ ግራ አነበብኩ። ሃያ ሊትር ይላል።

ለእማዬ ደብዳቤዎን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አይፍሩ፣ አልተቆጣችም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ለመጻፍ?» አለች። ከዚያም «ጉልበቱ ለዚያ መንገድ አይሆንም፤ ጀሪካኑን ትልቁ ወንድሙ ይያዝለት» አለች።

ዛሬ ጠዋት ቋቱ ስልሳ ሊትር ነው፤ ካለፈው ሳምንት አልጨመረም። አንድ ጀሪካን ይቀረዋል። ቆጣሪው ግን ተንቀሳቅሷል። ስልሳው በሞላ ቀን 61,478 ነበር። አሁን 61,485 ነው። እስከ ዛሬ አሥራ አራት እየዘለለ ነበር የሚሄደው። በሰባት ሲቆም ይህ የመጀመሪያው ነው፤ መሄጃው አለ፣ መመለሻው ገና ነው።

ጆሮው ጎማዎቹን ገጥሟል። ባትሪው ሙሉ ነው፣ ካንዴላዎቹ ተጠርገዋል፣ ቱቦዎቹ እንዳሉት በአዲስ ተለውጠዋል። የማደያው አምስት ሊትር በሩ ሥር አለ። የማፍሰሻው ብሎን መፍቻ ኪሴ ውስጥ ነው። እማዬ ከፊት ወንበር ተነሥታ ከኋላ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። «ፊት የወንድማማቾቹ ነው» አለችኝ።

«እኔስ?» አልኳት።

«አንቺማ ሥራ አለሽ» አለችኝ፤ ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት ስትሸኘኝ በምትናገርበት ድምፅ። የካፖርቴን ቁልፍ ቆለፈችልኝ።

አፍራሾቹ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ሞተሩን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ማስነሣት አለብኝ። ሁለት ሰዓት ላይ ገብቼ ቆጣሪውን አነባለሁ። እንደ ዛሬው 61,485 ካለ ቀዩን አፍስሼ የማደያውን እሞላለሁ፤ እማዬ ብትቀየመኝም እስከ መጋዘኑ እኔ እነዳለሁ። 61,492 ካለ ግን ቁልፉን ለማን እንደምሰጥ እስካሁን አልወሰንኩም።

አክባሪያችሁ፣ ልጃችሁ